ቀይ ባሕር እያልን ስንጮህ የጣናን ዳር ማን ይጠብቀው?

(በመርጡለ ማርያም ለተሰበሰቡ ወጣቶች የቀረበ ንግግር። መምጣት ላልቻላችሁ የገጻችን ተከታታዮች በጽሑፍ አቅርበነዋል፤ አንብባችሁ ለሌላው አድርሱ።)

ወገኖቼ፣ ገበያውን ጥላችሁ፣ ሥራ ያላችሁም ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በስልካችሁ የምታነቡትም እንዲሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ሰሞኑን ፌስቡክ በከፈታችሁ ቁጥር የሚመጣላችሁ ቀይ ባሕር ነው። አሰብ፣ የባሕር በር፣ መርከብ፣ የባሕር ኃይል። እኔም እንደ እናንተ ይቆጨኛል፤ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ይህች አገር ያለ ባሕር ናት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ የሕዝብ ሀብት ከሚላቸው ነገሮች መካከል የባሕር ዳርቻን ጠቅሷል። ሕጉ ዛሬም ይሠራል፣ ዳርቻው ግን በእጃችን የለም። ስለ እሱ የሚያወራ ሞልቷል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ በእጃችን ስላለው ዳር ነው፤ ስለ ጣና ዳር።

«መርጡለ ማርያም ተቀምጠህ ስለ ጣና ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ያለንበትን ቦታ አስቡት። ዓባይ ከጣና ይወጣል፣ ጢስ እሳት ላይ ይወረወራል፣ ከዚያ ጎጃምን እንደ መቀነት ይዞራል። በሞጣ በኩል በሰባራ ድልድይ ሥር ያልፋል፣ በእኛ በእነብሴ ሳር ምድር ቆላ ሥር ይወርዳል፣ በደጀን በረሃ አድርጎ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ጮቄ ላይ የሚዘንበውም ዝናብ አፈራችንን ይዞ እዚያው ነው የሚገባው። እናቶቻችን ቆላ ወርደው የሚያዩት ውኃ ከጣና የመጣ ውኃ ነው።

ወይም ነበረ ልበል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የጣና ውኃ ሌላ መንገድ አግኝቷል። ከሐይቁ በምዕራብ በኩል 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ገብቶ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የጣና በለስ ተርባይን ያዞራል። ከዚያ በበለስ ወንዝ ወርዶ ዓባይን ቤንሻንጉል ላይ ያገኘዋል። ያ ውኃ በጢስ እሳትም፣ በሞጣም፣ በእኛም በኩል አያልፍም። መብራቱን አልቃወምም፤ እንዲያውም ይጨመር ባይ ነኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሐይቁ ስንት ሜትር ላይ ይቁም፣ ስንቱ በዚህ ይውጣ፣ ስንቱ በዚያ ይውጣ ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ሲወስንስ ማንን ጠይቆ ነው?

አሁን ወደ ዳሩ ልግባ፤ ዋናው እሱ ነው።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው፤ በአማካይ 8 ወይም 9 ሜትር። በምሥራቅ የፎገራ ሜዳ፣ በሰሜን የደንቢያ ሜዳ እንደ ገበታ ጠፍጣፋ ናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ውኃው አንድ ሜትር ዝቅ ሲል ብዙ መሬት ይገለጣል። ውኃው ሸሽቶ የሚተወውን መሬት የዳሩ ገበሬ ባሕር ሸሽ ይለዋል። ውኃው ሲሸሽ ያርሰዋል፣ ይዘራዋል፣ ክረምት ሲመለስ ይለቀዋል። ድሮ የነበረው እንዲህ ነው። አሁን ግን የሚታረሰው እየበዛ፣ ደንገሉ እየተጨረሰ፣ ማረሻው ውኃውን እየተከተለ ሄደ።

ደንገል ስል ታንኳ የሚሠራበትን ማለቴ ነው። ለቱሪስት ፎቶ ብቻ አይምሰላችሁ። ደንገሉና ረግረጉ የሐይቁ ወንፊት ናቸው። ከርብ፣ ከጉማራ፣ ከመገጭ፣ ከግልገል ዓባይ የሚመጣው ጎርፍ ደለሉንና ማዳበሪያውን እዚያ አራግፎ ነው ወደ ሐይቁ የሚገባው። አሣውም ጫጩቱን የሚያሳድገው እዚያ ነው። ወንፊቱን ቀደን ስናበቃ ማዳበሪያው ቀጥታ ገባ። ከዚያ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በመገጭ መግቢያ በኩል እምቦጭ ታየና አገር ተንጫጫ። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው፤ ቆቃና አዋሽ ላይ ከታወቀ ግን ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ እዚሁ አገር ውስጥ ያለን አረም ወደ ትልቁ ሐይቃችን እንዳይሻገር የሚከለክል አንድም የሚሠራ ሥርዓት አልነበረንም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ታስታውሳላችሁ። ዘመቻ! ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የኦሮሞ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» ብለው ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አብረው ነቀሉ። ያንን ቀን ዛሬ ማንም ምን ይበል፣ እኔ በክብር ነው የማስታውሰው። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ የአንድ ወር ዘመቻ ታወጀ፣ ጦርነቱ ዋጠው። ማሽን ተገዛ፣ ገንዘብ ተዋጣ፣ ቲሸርት ታተመ። የነቀለውን ሰው እጅ እስማለሁ። ግን አረሙን የሚመግበው ማዳበሪያና ፍሳሽ ሳይቆም፣ የዳሩ ደንገል ሳይመለስ ብንነቅለው ይበቅላል፣ ብንነቅለው ይበቅላል። ለማስቆም ደግሞ ዘመቻ አይበቃም፤ «እስከዚህ ድረስ አይታረስም፣ አይገነባም፣ ፍሳሽ አይለቀቅም» የሚል መስመር ያስፈልጋል። መስመሩን የሚያሰምር ባለቤትም ያስፈልጋል።

ሕግ የለም እንዴ? አለ። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ስለ ውኃ ዳርቻ የሚናገር ክፍል አለው። በአጭሩ፣ የሚመለከተው የፌዴራል አካል ከሚመለከታቸው ጋር ተመካክሮ የውኃ አካላትን ዳርቻ ወሰን ማካለል ይችላል፣ በተከለለው ውስጥ ዛፍና ቁጥቋጦ መቁረጥን፣ መኖሪያ ቤት መሥራትንም መከልከል ይችላል ይላል። ይችላል! ሕጉ «ይችላል» ካለ አለማድረግም ይችላል። ከ25 ዓመት በላይ ሆነው፣ አለማድረግን መረጡ። ማካለል አለበት፣ በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ፣ በዚህን ያህል ሜትር የሚል ቢሆን ኖሮ «ለምን አላካለላችሁም?» ብለን መጠየቅ እንችል ነበር። እኔ ስለ ሕግ ማሻሻል ሳወራ ሰው ትልቅ ፍልስፍና ይመስለዋል። አንድ ግሥ መቀየር ነው።

ቀጥሎ ባለቤቱን እንፈልግ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ወይም ከአገር ወሰን የሚሻገሩ ወንዞችና ሐይቆችን አጠቃቀም ለፌዴራል ይሰጣል። በአንቀጽ 52 ደግሞ ክልል በፌዴራል ሕግ መሠረት መሬቱንና የተፈጥሮ ሀብቱን ያስተዳድራል። ጣና ሙሉ በሙሉ አማራ ክልል ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ዓባይ ግን ሱዳንና ግብፅ ይደርሳል። ስለዚህ ውኃው ወደ ፌዴራል ያዘነብላል፣ ዳሩ የክልል ነው። የዳሩ መሬት ማረጋገጫ የወረዳ ነው፣ የከተማው ዳር የባሕር ዳር ማዘጋጃ ቤት ነው። የጨረጨራ በር ደግሞ በመብራት ኃይል እጅ ነው።

ጨረጨራን ብዙዎቻችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ በ1988 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ ግድብ ነው፤ በር አለው፣ ይከፈታል ይዘጋል። በእሱ ምክንያት ጣና የተፈጥሮ ሐይቅ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ከፍታው በሰው እጅ የሚወሰን ማጠራቀሚያም ሆነ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,784 እስከ 1,787 ሜትር ባለው መካከል እንዲወጣና እንዲወርድ ነው የታሰበው። በ1995 ዓ.ም. ለመብራት ብዙ ተለቅቆ፣ ዝናቡም አንሶ፣ ሐይቁ በጣም ወረደና የጀልባ ጉዞ ሳይቀር ተስተጓጎለ። እንግዲህ አስቡት፣ በሩ ሲከፈት ውኃው ይሸሻል፣ ውኃው ሲሸሽ ገበሬው ይከተላል፣ የታረሰው ረግረግ ሳይመለስ ይቀራል። መብራት ኃይል ስለ እርሻ አይጠየቅም፣ ግብርና ስለ በሩ አይጠየቅም፣ ወረዳው ስለ ሁለቱም አያውቅም። ዳሩ የት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የተለያየ ቦታ ያሳያችኋል። የጣናን ዳር አካልሉ ስንል መጀመሪያ በስንት ሜትር ከፍታ የሚለው መልስ ማግኘት አለበት። ያ ቁጥር በአዋጅ ካልተጻፈ የሚተከለው ችካል ሁሉ ጨዋታ ነው።

አስተባባሪ መሥሪያ ቤት ነበረ እኮ። በ1999 ዓ.ም. ስለ ተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ ወጣ፣ በ2000 ዓ.ም. የዓባይ ተፋሰስ ባለሥልጣን ባሕር ዳር ላይ ተቋቋመ። ቢሮ ከፈተ፣ ባለሙያ ቀጠረ። በ2011 ዓ.ም. የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን በሚል ተጠቃለለ። በ2014 ዓ.ም. እሱም ፈርሶ ውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ውስጥ ገባ። ክልሉ በበኩሉ የጣና ሐይቅና ሌሎች የውኃ አካላት ጥበቃና ልማት ኤጀንሲን አቋቋመ። ማኅተሙ ሳይደርቅ ስሙ የሚለወጥ መሥሪያ ቤት የት ቦታ ችካል እንደተከለ ማን ያስታውሳል? ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መዝግቦልናል፤ ከ690 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ዋና ክልል፣ መከላከያ ክልል፣ መሸጋገሪያ ክልል ተብሎ በካርታ ተከፍሏል። ካርታውን ያየ ገበሬ ካገኛችሁ ንገሩኝ።

ስለ አሣው ትንሽ ልበል። ጣና በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር በላይ የነጭ አሣ ዝርያዎች አሉት። ክረምት ላይ እንቁላል ለመጣል ወደ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ሽቅብ ይወጣሉ። አጥማጁም ያውቃል፣ በወንዙ አፍ ላይ መረቡን ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። በፈረንጆቹ 1991 እና 2001 መካከል የእነዚህ አሣዎች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ እንደወረደ ተጠንቷል። የአሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዋጁ አለ፤ ስስ የፕላስቲክ ክር መረብ ግን ዛሬም እንደ ልብ ይዘረጋል። በክረምት ሌሊት ወንዝ አፍ ላይ ቆሞ የሚቆጣጠር ሰው ማን ቀጠረ?

ይኼ ሁሉ ከሕግ የመጣ ችግር ሳይሆን ከድህነት የመጣ ነው የሚል ይኖራል። ገበሬው ልጁን ያብላ እንጂ ደንገል ምን ያደርግለታል? አልክድም፣ የዳሩ ገበሬ ወንድሜ ነው። ያለ ካሣና ያለ ምትክ መሬት ነቅለን እናስወጣው የሚለኝ ካለ እኔ አልተባበርም። ግን ሕግ ሲጠፋ የሚጎዳው መጀመሪያ ድሃው ነው። ነገደ ወይጦን ተመልከቱ። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩ፣ አሣ የሚያጠምዱ፣ ከጣና ጋር ስንት ዘመን የኖሩ ወገኖቻችን ናቸው፤ የዳሩ መሬት ግን በስማቸው የለም። ደንገሉ በታረሰ ቁጥር እንጀራቸው ነው የታረሰው፣ ዳሩ ለሆቴል በተሰጠ ቁጥር የሚገፉት እነሱ ናቸው። የእኛ ንቅናቄ ስለ አማራ መሬት ሲጮህ የእነሱን ስም ሲጠራ አልሰማሁም። ይህንን ገጻችን ላይ ስጽፈው የማይወደው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ይቅርታ፣ የጣና መብት ያለ ነገደ ወይጦ አይሟላም።

ሌላም የማይወደድ ነገር ልናገር። «ጣናን ሊያጠፉብን ነው» ስንል ጠላት ከሩቅ እንፈልጋለን። ከባሕር ዳር ከተማ ፍሳሽ ወደ ሐይቁና ወደ ዓባይ እንደሚገባ ለዓመታት ሲጻፍ ኖሯል። ፍሳሹን የሚለቀው ሆቴል ባለቤት ከየት የመጣ ነው? የእኛው ሰው ነው። ረግረጉ ውስጥ በትራክተር የሚያርሰው የእኛው ሰው ነው። በጉቦ የዳር ይዞታ የሚያጸድቀው ካድሬም አማርኛ ነው የሚናገረው። እንዲህ ያለውን የእኛው ስለሆነ ብለን ካለፍነው አጀንዳችን መፈክር ብቻ ነው።

ከሌላው ዓለም ሁለት ነገር ብቻ ልጥቀስ። ደቡብ አፍሪካ በፈረንጆቹ 2008 የባሕር ዳርቻ አስተዳደር ሕግ አወጣች። የዳርቻው የሕዝብ ንብረት ባለቤት ዜጋው ነው፣ መንግሥት አደራ ጠባቂ ነው አለች። አደራ ጠባቂ ደግሞ አደራውን ቢበላ ይከሰሳል። ሁለተኛው ጎረቤታችን ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛንያ በየማረፊያው አጥማጁ፣ አሣ ነጋዴው፣ ጀልባ ሠሪው የተመዘገበበት የዳርቻ ኮሚቴ አቋቁመዋል። በሕግ የታወቀ ነው፣ ሰው መርጦ ያስቀምጠዋል። መረብ ይቆጣጠራል፣ ጀልባ ይመዘግባል። ጉቦ የለበትም አልልም። ግን ቢያንስ ሌሊት ውኃው ላይ ማን እንዳለ የሚያውቅ ሰው አለ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የራሳችን አለን። ዘጌን ታውቃላችሁ? ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም። ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ የመጣ ሥርዓት ነው፤ ማረስ ክልክል፣ ከብት ማርባትም ክልክል። ሰዉ በቡናና በጌሾ ኖረ። ዛሬ ከጀልባ ላይ ሆናችሁ የጣናን ዳር ብትቃኙ ጥቅጥቅ ያለ ደን የምታዩት ዘጌና ገዳማቱ ባሉባቸው ደሴቶች ላይ ነው። የተጻፈ አዋጅ፣ የታጠቀ ጠባቂ አልነበረውም። ወሰኑ የት እንደሆነ ሕፃኑም ያውቃል፣ የሚከለክለው ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ማን እንደሚዳኝም ያውቃል። ሦስቱንም የዛሬው የጣና ሕግ የለውም። እኛም እዚህ የእቴጌ እሌኒን ደብር አጸድ ማን እንደሚነካ፣ ማን እንደማይነካ ማንም አልነገረንም፣ እናውቀዋለን።

አሁን ምን እንጠይቅ? በመጀመሪያ የከፍታው ቁጥር በሕግ ይጻፍ፤ ከዚያ መስመር ጀምሮ ወደ ላይ የተወሰነ ሜትር ዳር ይከለል፤ ማካለል «ይችላል» የሚለው «አለበት» ይሁን። ሌላው ሁሉ ያለዚህ ዋጋ የለውም። የጨረጨራን በር መክፈትና መዝጋት ገበሬው፣ አጥማጁ፣ የታችኛው ተፋሰስ ወረዳ፣ እኛም ጭምር፣ ወንበር ያለን ምክር ቤት ይወስን። በባሕር ሸሽ ላይ ያለው ገበሬ በአንድ ሌሊት አይባረር፤ ደንገል ተክሎ፣ ሣር አጭዶ፣ አሣ አርብቶ የሚተዳደርበት ጊዜና ብር ይሰጠው። ደንገልና ረግረግ የሚጠብቅ፣ መረብ የሚቆጣጠር፣ ውኃ የሚለካ ሰው ይቀጠር። በእያንዳንዱ ዳር ወረዳ እንደ እኔ በባዮሎጂ፣ በግብርና፣ በአካባቢ ሳይንስ ተመርቆ ከእናቱ ቤት የተቀመጠ ስንት አለ? የሥራ ፈጠራ ሥልጠና እያሉ ስለ ዶሮ እርባታ ከሚያስተምሩን ይልቅ።

አዲስ ዳርም እየመጣ ነው። የሕዳሴው ግድብ ውኃ ሲሞላ የሚሸፍነው 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ንጋት ብለውታል። ደሴት ስላለው፣ አሣ ስላለው፣ ቱሪዝም ስለሚመጣበት ብዙ ይወራል። ሕጉ ካልቀደመ ጣና ላይ ያየነውን እዚያም እናየዋለን።

«ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ሆኖ፣ ሰው እየሞተ፣ አንተ ስለ ደንገል ታወራለህ?» ያለኝ ጓደኛ አለ። አልተቀየምኩትም። ሰው ይቀድማል። ግን ያልተካለለ መሬት የሚወሰደው ሁሌም በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ነው። ተቆጣጣሪው ከቢሮ በማይወጣበት፣ መንገዱ በተዘጋበት፣ ማንም ማንንም በማይጠይቅበት ጊዜ። ሰላም ሲወርድ ዳሩ በአጥር ተይዞ፣ ካርታ ተሠርቶለት ብናገኘው የማንን በር እናንኳኳለን?

እስከዚያው በእጃችን ያለ አንድ ነገር አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ፣ ወይም መልሱ ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እዚህኛው «ይችላል» የእኛ ነው። ቀላል እንደማይሆን አውቃለሁ፤ በአቃቂ ወንዝ ብክለት ምክንያት አንድ የመብት ማኅበር የአካባቢ ጥበቃውን መሥሪያ ቤት ራሱን ከስሶ አልተሳካለትም። ያ ክስ የወደቀበትን ምክንያት አንብበን የእኛን በጥንቃቄ እናዘጋጃለን። ከሳሽነቱ ለመርጡለ ማርያም ልጅም ይሠራል፣ ባሕር ዳር መኖር ግድ አይደለም።

የአቤቱታው ረቂቅ ተጽፏል፣ ሦስት ገጽ ነው። በአንድ የተወሰነ የዳር ቦታ ላይ የሚለቀቅ ፍሳሽን ይመለከታል እንጂ «ጣና ይዳን» የሚል ጥቅል ነገር አይደለም፤ ጥቅል አቤቱታ ጥቅል መልስ ነው የሚያመጣው። ቀን ያለበት ፎቶ ያስፈልገናል። ባሕር ዳር የምትማሩ ልጆች ከክረምት በፊትና በኋላ ከአንድ ቦታ ላይ ሆናችሁ አንሡልን፣ የሰው ፊት አታስገቡ። ሕግ የተማራችሁ ሁለት ሰዎች ረቂቁን እዩት። ፈርማችሁ የምታስገቡት በስማችሁ ነው፤ በንቅናቄው ስም አይደለም፣ ፖለቲካ ነው ብለው እንዳይገፉት። ያስገባንበትን ቀን ገጹ ላይ እንለጥፋለን፣ ከዚያ 30 ቀን እንቆጥራለን።